ፍሬሙ ጠሟል ከማለታችሁ በፊት

እናንተ ወጣቶች የድሮ ማውንቴን ብስክሌት ይዛችሁ ስትመጡ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የኋላው ጎማ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ፍሬሙ ጠሞ ይሆን?» ብዙ ጊዜ አልጠመመም። ፍሬም ላይ ከመታገላችሁ በፊት ፍሬሙ ጥፋተኛ መሆኑን አረጋግጡ። መዶሻ የሚያነሳ ሞልቷል፣ ሜትር የሚያነሳ ነው የጠፋው።

መጀመሪያ ፐርኖው፣ ማለትም የጎማው መሃል ዘንግ፣ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጡን እዩ። ከዚያ ጎማውን አውልቁና ግራ ቀኙን ገልብጣችሁ መልሱት። ለመፈተሻ ብቻ ስለሆነ ካቴናውን ተዉት። ወደ ቀኝ ያጋደለው አሁን ወደ ግራ ካጋደለ ችግሩ የጎማው ነው፤ ራጂዎቹን፣ ማለትም የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አስተካክሎ መሃል ማስያዝ ይበቃል። ተገልብጦም ወደዚያው ጎን ከሄደ ግን ፍሬሙን ጠርጥሩ።

አሁን ክር አምጡ። ጎማውን አውጡና ክሩን ፐርኖው በሚገባበት በአንዱ ጎን እሰሩት። ከፊት የመሪውን ቱቦ (መሪው የሚገባበትን የፍሬሙን ክፍል) አዙራችሁ በሌላው ጎን መልሱና ወጥራችሁ እሰሩ። ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ ለኩ። ክፍተቱ ወደ ሰፋበት ጎን ነው ኋላው የሸሸው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን እኔ ክሩን ፈትቼ ብስክሌቱን እነዳለሁ። ደግሞ ይሄ የሚነግራችሁ ስለ ኋላው ብቻ ነው፤ የፊት ሹካ ቢጣመም ክሩ አያውቅም።

ለማቃናት ከወሰናችሁ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፣ ይቃናል። ካልያዘ ምናልባት አሉሚኒየም ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ። አሉሚኒየም መታጠፉን ችሎ ቢያሳልፈው እንኳ በኋላ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ካርቦንማ ጭራሽ አይታሰብም።

ብረት ግትር ነው። ገፋ ስታደርጉት ይለጠጥና ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ትንሽ ግፉ፣ ልቀቁ፣ ለኩ፤ ቀጥሎ ከቅድሙ ትንሽ አስበልጡ። የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለቱን የፍሬም ክንዶች አንድ ላይ አትፈልቅቁ፤ ደካማው ብቻ ይሄድና ጠንካራው ባለበት ይቀራል። አንድ በአንድ ነው የሚሠራው። በመሃል ፐርኖው በሚገባበት በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን የውስጥ ስፋትም ለኩ። ብዙዎቹ የድሮ ማውንቴኖች 135 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ከዚያ የቀደሙት ውስጥ 130 የሆኑም አሉ። ጎማው በግድ የሚገባ ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም።

ሲያልቅ ፐርኖው የሚያርፍባቸው ሁለቱ ጆሮዎች ትይዩ መሆናቸውን፣ ካምቢዮው (ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው) የሚንጠለጠልበትም አለመታጠፉን እዩ። ማርሹ አልገባ ካለ ብዙ ጊዜ ጉዱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከመሪው ቱቦ ሥር፣ ወደ ፔዳል የሚወርደው ቱቦ ሆዱ ላይ ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ብየዳው ጫፍ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ያ ፍሬም ከፊት ተጋጭቷል ወይም ደክሟል። አትንዱት፣ ለሰውም አትሽጡት። ዕቃዎቹን አውልቁና ለሌላ ፍሬም አስቀምጡ።