ጆሮዬ ለቋንቋ አልተፈጠረም ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መሃል ሦስቱ ስለ መስማት ናቸው። ሦስቱም ከዚሁ ከአዳማ ናቸው፤ አንዱ ከፍራንኮ፣ አንዱ ከፖስታ ቤት አካባቢ፣ ሦስተኛው ሰፈሩን አልጠቀሰም። እዚህ ከተማ 24 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁና እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዕሬን ቶሎ ነው የማነሳው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ። ሆዴን ስለነካው ነው።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ፣ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ለሥራ አዳማ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ የወለንጭቲ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔም ቋንቋውን ለመማር ቆርጬ ተነሳሁ። ሦስት ዓመት ሞከርኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ስናገረው ግን አማቶቼ ይስቃሉ። ስለ በጋው ሳወራ ስለ ኩራት የማወራ ይመስላቸዋል። ደግመው ደጋግመው ይነግሩኛል፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ በአንድ ዓመት እንደ አገሬው ሰው ሆነ። ጆሮዬ ለቋንቋ አልተፈጠረም ማለት ነው? ልተወው?

መልስ፦ አትተወው፣ ወንድሜ። ጆሮህ ደህና ነው። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ ራስህ ፈትነህ ታየዋለህ።

ዛሬ ማታ ባለቤትህን «ሶዳ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ቃል በሁለት መንገድ እንድትልልህ ጠይቃት። «ዳ» ላልቶ ሲነገር ፍርሃት ነው። ጠብቆ ሲነገር አማች ነው። ልዩነቱን ወዲያው ትይዘዋለህ። ለምን ቢባል፣ አማርኛም በማጥበቅና በማላላት ቃል ይለያል። «ገና» ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ይህን ከእናትህ ጭን ላይ ሆነህ ተምረኸዋል።

አሁን ወደ «ቦና» ና። ደብዳቤህን ሳነብ ይህ ቃል ይመስለኛል ያስቸገረህ። «ቦ» አጠር ስትል በጋ ነው። ረዘም ስትል «ይኮራል» ነው። አማርኛ ግን በአናባቢ ርዝመት ቃል አይለይም። እኛ «ቦ»ን ብንጎትታት ወይ ተገርመን ነው፣ ወይ ተቆጥተን ነው፣ ወይ ሩቅ ያለ ሰው እየጠራን ነው። ቃሉ ያው ነው። ስለዚህ አእምሮህ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ርዝመቱን እያለፈ ሌላውን መያዝ ለምዷል። ፊደላችንም አያግዝህም፤ ሁለቱንም «ቦና» ብሎ ነው የሚጽፋቸው። ቁቤ ግን አናባቢው ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ቃላቱን በፊደል ጽፈህ እያጠናህ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ቁቤ ቀይር። ጆሮህ የሚያልፈውን ዓይንህ ይይዝልሃል።

ይህ የጆሮ ልማድ የሚጀምረው እጅግ በጠዋት ነው። ካናዳ ውስጥ ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ሥራ አለ። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት ለሚያድጉ ሕፃናት የሂንዲና የአንድ የአገሩ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ድምፆችን አሰሟቸው። የነባሩ ሕዝብ ቋንቋ ድምፆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ እንደ እኛ «ቀ» ያለ፣ ሌላው ከእሱ ወደ ጉሮሮ ጠለቅ ያለ። ከ6 እስከ 8 ወር የሆናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ለዩአቸው። ከ10 እስከ 12 ወር የሆናቸው ግን አብዛኞቹ አልቻሉም። ልብ በል፣ ጥርሳቸውን እንኳ በቅጡ ሳያወጡ ነው። በዚያ ዕድሜ ጆሮ ቤት ውስጥ የሚጠቅመውን ይይዛል፣ የማይጠቅመውን ይተዋል። «ጠጣ»ን «ተታ» የሚል ፈረንጅ ሰምተህ ታውቃለህ። ለእኛ «ጠ» እና «ተ» ሰማይና ምድር ናቸው። እሱ ግን እውነቱን ነው፣ ልዩነቱ አይሰማውም። የአንተም «ቦና» እንደዚያው ነው።

ሌላም ሳይቸግርህ አይቀርም። ቅቤ ማለት «ዸዻ» ነው። በ«ደ» ካልከው ያስታውቅብሃል። «ዸ» ሲነገር ምላስ ወደ ላንቃ ዞር ብላ ትነካና ድምፁ ወደ ውስጥ የተሳበ ይመስላል። የባለቤትህን እናት ቅቤ ሲያነሱ አፋቸውን እያየህ ስማቸው።

ስለ ሥራ ባልደረባህ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብዬ አልዋሽህም። አዲስ ቃል አንዴ ሰምቶ ሳያዛባ መድገም የሚችል ሰው አለ፣ አምስት ጊዜ ሰምቶም የሚያዛባው አለ። የመጀመሪያው ቃላት ቶሎ ይሰበስባል። አዲስ ድምፅ መለየትም ከሰው ሰው ይለያያል። ግን ያን ልጅ አንድ ነገር ጠይቀው፤ ልጅ ሆኖ ጎረቤቱ ማን ነበር? በልጅነቱ ቋንቋውን ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ባይናገረው እንኳ፣ ትልቅ ሆኖ ሲማረው ድምፁ ይቀለዋል። አንተ ከዜሮ ነው የተነሳኸው። ከእሱ ጋር ራስህን አታወዳድር።

የሚሠራ ነገር ልንገርህ። ጃፓናውያን የእንግሊዝኛን «ር» እና «ል» መለየት በጣም ይቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት እንዲህ አደረገ፤ በነዚህ ድምፆች ብቻ የሚለያዩ ቃላትን ከተለያዩ ሰዎች አንደበት አሰማቸው፤ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ልክ መሆናቸውን ወይም መሳሳታቸውን ነገራቸው። ተሻሻሉ። በኋላ በተደረገ ክትትል ደግሞ ያገኙት ነገር ከወራት በኋላም አልጠፋባቸውም። ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ነበሩ።

አንተም ይህን ቤትህ አምጣው። ባለቤትህ ጀርባዋን ሰጥታህ ከሁለቱ «ቦና» አንዱን ትበል። አንተ በጋ ወይም ኩራት ብለህ መልስ። ልክ ነህ ወይም አይደለም ትበልህ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ግን በእሷ ድምፅ ብቻ አትወሰን። አማትህም ይበሉልህ፣ የጎረቤት ልጅም፣ የባጃጅ ሾፌሩም። አንድ ሰው ብቻ ከሰማህ የዚያን ሰው አነጋገር ነው የምትለምደው። መናገሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ መለየቱ ይምጣ።

ሳቁን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። ቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተነስቶ ሲያነብ «ዋናው በር» የሚለውን «ዋና»ን አላልቶ አነበበው፣ ውሃ ውስጥ እንደሚዋኘው ዋና። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ፈገግ አልኩ። ልጁ ጣቱን በመስመሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከዚያ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ልጁ ያየውን ነው ያነበበው። ያን ፈገግታዬን ዛሬም ድረስ አዝንበታለሁ።

ስለዚህ ይህን ገጽ ለአማቶችህ አንብብላቸው። ሳቃቸው የፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን አንድ ወር ብቻ ሳይስቁ ደግመው እንዲነግሩህ ለምናቸው። የሚፈራ ሰው አፉን አይከፍትም፣ አፉን ያልከፈተ አይታረምም።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። «ይሰማኛል፣ ግን ምን እንደምትሉ አይገባኝም» ይላሉ። ጮክ ስንል «አትጩሁብኝ» ብለው ይቆጣሉ። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ማውራት እየተዉ ነው። ወንድሞቼ ጃጅተዋል ይላሉ። እኔ አላመንኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም አባትሽን ነው የማምነው። የሚሉትን ቃል በቃል ውሰጂው።

ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ መስማት ነው። ለዓመታት ጩኸት መሃል የሠራ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከተጎዱ አይተኩም። አናባቢዎች ወፍራምና ጉልህ ስለሆኑ ይሰማሉ። እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ያሉት ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው፣ ቃልን ከቃል የሚለዩትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ አባትሽ አንቺ መናገርሽን በደንብ ይሰማሉ፤ «ሳር» ትበዪ «ሻር» ግን አይለዩም። የልጆች ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይብሳል። ስትጮሁ አናባቢው ይጎላል፣ ጆሮ ያማል፣ ያ የጠፋው ድምፅ ግን አይመጣም። ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

የጎደለውን አእምሮ ይሞላዋል። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ቃል ውስጥ አንድ ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ ሳል አስገባበት። ሰሚዎቹ ቃሉን ሙሉ ሆኖ ሰሙት፤ ሳሉ የት ላይ እንደነበረ እንኳ በትክክል መናገር አልቻሉም። የአባትሽ አእምሮ ይህን ሥራ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አንዳንዴ የተሳሳተ ቃል ይሞላና ያልተገናኘ መልስ ይወጣል። ወንድሞችሽ መጃጀት ያሉት ይህን ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ደክሟቸው ዝም ቢሉም አይግረምሽ።

መጀመሪያ ጆሮ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ኩክ ተጠቅጥቆ ከሆነ በቀላሉ ይወጣል። ካልሆነ የመስማት ምርመራ ተደርጎ የመስሚያ መሣሪያ ሊታዘዝላቸው ይችላል።

እስከዚያው ፊትሽን አሳያቸው። ዓይን ራሱ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ሰዎች «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል ከንፈር ጋር አጣምረው ለሰው አሳዩ፤ ብዙዎቹ የሰሙት «ዳ» ነበር። ስለዚህ ከጓዳ ሆነሽ አትጣሪያቸው። ቡና ስትጠጡ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ በሚያርፍበት በኩል ተቀመጪ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ሙቀጫውም ይቁም። መጀመሪያ «አባዬ» በያቸውና ዞር ሲሉ ጀምሪ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አትድገሚው፣ በሌላ ቃል በይው። ልጆቹንም አንድ በአንድ አስቀምጪያቸው፣ ሦስቱ ባንዴ ሲያወሩ ማንም አይሰማም።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ቤታችን አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይነገራል። ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፣ የሆነውን ነገር መተረክ ይቸግረዋል። አንዲት አስተማሪ «ሁለት ቋንቋ ስለቀላቀላችሁበት ነው፣ አንዱን ተዉ» አለችኝ። የትኛውን ልተው?

መልስ፦ አንዱንም አትተዪ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ አያደናግርምም። አንዱን ብትተዪ ልጁ ከአያቶቹ ጋር የሚያወራበትን ታጪበታለሽ፣ ችግሩም እዚያው ይቀመጣል።

ሕፃን ከንግግር ውስጥ ቃል ለቅሞ ማውጣቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስንናገር በቃላት መሃል ክፍተት የለም። የልጅ ልጄ አምና በእንቁጣጣሽ «እማማ፣ እንኳና ምንድን ነው?» አለችኝ። ለካ «እንኳን አደረሳችሁ» ስንል «እንኳና ደረሳችሁ» ብላ ነው የቆረጠችው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት የ8 ወር ሕፃናት «ቢዳኩ»፣ «ፓዶቲ»፣ «ጎላቡ» የመሳሰሉ የፈጠራ ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ሲፈስሱ ለ2 ደቂቃ ያህል ብቻ ሰምተው የትኞቹ ድምፆች አብረው እንደሚሄዱ ለይተዋል። ለአብዛኛው ልጅ ይህ ሳያስተምሩት ይመጣል። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ግን ከ100 ልጆች 7 ያህሉ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሳይኖር ቋንቋ ይቸግራቸዋል። ስንፍና አይደለም፣ የወላጅ ጥፋትም አይደለም። በጊዜ ከተደረሰለት ልጁ ይታገዛል።

አንቺ ማወቅ ያለብሽ ችግሩ የት እንዳለ ነው። በአንዱ ቋንቋ ደህና ሆኖ በሌላው ብቻ ከተቸገረ፣ በዚያኛው ብዙ ስላልተነጋገረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ከተቸገረ ግን አትጠብቂ፣ ባለሙያ ይየው። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ጉንፋን የሚደጋገምበት ልጅ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምና ለወራት እየተዳፈነ ሊሰማ ይችላል። ሐኪሙ ጆሮው ደህና ነው ካለሽ፣ ወደ ንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ሪፈር እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።

አንድ ደብተር ግዢ። በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በኩል በአፋን ኦሮሞ የሚላቸውን ነገሮች እሱ እንዳለው ጻፊ፣ አታርሚው። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሐኪም ቤት ስትሄጂ ደብተሩን ይዘሽ ግቢ።