ልጄ በሰው አገር እንቅልፍ አጣች፤ ኪኒኗን ትተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራ አላት። ግን አትተኛም፣ አትበላም፣ ስልክ ስታነሣ ታለቅሳለች። ሐኪም «ድባቴ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጥቷታል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ኪኒኑን ጥላ መጥታ ትጠመቅ» ይሉኛል። ምን ልበላት? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልን። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ «ኪኒኑን ጣይ» አይበሏት። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የምታቆመው ሐኪሟን አማክራ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ይለናል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነውና። ስትመጣ ደግሞ ትጠመቃለች። ጸበልና ኪኒን አይጣሉም።

ርኩስ መንፈስ የለም አልልም። ግን ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ኮሎኝ ያለችን ልጅ «ይህ አድሮባታል» ማለት ድፍረት ነው። የምናውቀውን እንይ። እዚያ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል። ቋንቋው ባዕድ ነው። እዚህ «እንዴት አደርሽ» የሚላት ደጃፍ ሙሉ ሰው ነበራት፤ እዚያ ከሥራ ገብታ በር ትዘጋለች። በዚያ ላይ ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል።

ስለዚህ ስልክ ትንሽ ልበል። «ደህና ነሽ?» እንላለን፤ መልሱን ሳንሰማ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ሠርጉ እንቀጥላለን። እኔም በገዛ ዘመዴ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እስኪ ለአንድ ወር ገንዘብ ሳያነሡ ይደውሉላት። ቡና ሲያፈሉ ስልኩን ረከቦቱ ጋ ያቁሙትና ታውራ። ካለቀሰች «አይዞሽ፣ በቃ በቃ» ብለው አያቋርጧት፤ ታልቅስ።

«እምነቷ ቢጠነክር አትታመምም ነበር» የሚልም አይጠፋም። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሲተኛ መልአኩ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶም ተመልሶ ተኛ። እመቤታችንም ልጇን ይዛ ተሰዳለች፤ እዚሁ ጣና ቂርቆስ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንደ ተቀመጠች አባቶቻችን ይነግሩናል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በወርኃ ጽጌ፣ የእሷን የስደት እንባ እያሰብን እናዜማለን። የልጅዎን እንባ ታዲያ ስለ ምን ድክመት እንለዋለን?

ኮሎኝ ቤተ ክርስቲያናችን አለ፤ ለቅዳሴ ትሂድ፣ ሰው ትወቅ። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ሕመምተኛ አይገደድም። «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ግን ነገ አይበሉ። ጓደኛዋ ዛሬውኑ አጠገቧ ትድረስ፤ አስጊ ከሆነ እዚያ 112 ይደወላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ይምጡ፤ የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ። ከዚያው ሆነን አብረን እንደውልላታለን።