ማርሚታውን ላስቆርጠው? የፒካፕ ጭስ ማውጫ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ሰሞኑን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ስለማስወለቅ የሚጠይቀኝ ስለበዛ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ የድሮው ባለ 2.8 ናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ዳገት ላይ ይሞትብኛል። ማርሚታውን ባስወልቀው ጉልበት ያገኛል?

መልስ፦ ድምፅ ያገኛል። ያ ሞተር ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ነው። ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ማርሚታ ቆርጠህ ያን አየር አታመጣውም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አንሳው። ብርሃን ካላሳለፈ በሽታህ እሱ ነው። በቀደም አንዱ ያመጣው ማጣሪያ እጥፋቱ ሁሉ የጤፍ ገለባ ነበር። ቀጥሎ የናፍጣ ማጣሪያውን እይ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ የኔ ቱርቦ አለው። ጓደኛዬ ካስቆረጠ ወዲህ «ይበራል» ይላል።

መልስ፦ ቱርቦ ላይ ትንሽ ለውጥ ሊኖር ይችላል። ግን ጆሮ ይዋሻል፣ መኪና ሲጮህ የፈጠነ ይመስላል። አንተ ዓባይ ደጃፍህ ነው። ሰዓት ይዘህ ከድልድዩ እስከ ደጀን ውጣ፣ አስቆርጠህም ድገመው። ጭነቱ ግን እኩል ይሁን!

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ማርሚታዬ በስብሷል። በቦታው ባዶ ቱቦ ባስበይድስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ቆም በል ወንድሜ። ችግሩ ጩኸቱ ብቻ አይደለም። በያጁ ብረት ለመቆጠብ ቱቦውን ጋቢናው ሥር ይጨርሰዋል። ጭሱ በወለሉ ቀዳዳና በበሩ ጎማ በኩል ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ድብታ ሲመጣ ሰው የመንገድ ድካም ይመስለዋል። ኋላ ሰው ትጭናለህ አይደል? እነሱም ይስቡታል። ሌላው እሳት ነው። በመኸር አውድማ ድረስ ትገባለህ፣ የጋለ ቱቦ ደረቅ ገለባ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለገበሬ አልነግርም። እንግዲህ ካስበየድክ ቱቦው ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ጀርባ አልፎ ይውጣ፣ መገጣጠሚያውም አያፈስ። እኔ ግን ያገለገለም ቢሆን ደህና ማርሚታ ፈልግ እላለሁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ቤንዚን ነው። ጠዋት ጭስ ማውጫው ውሃ ያንጠባጥባል። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ተበላ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ አትደንግጥ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ቱቦው ቀዝቃዛ ሲሆን ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ማርሚታ ከውስጥ የሚበሰብሰውም በዚሁ ነው፣ በተለይ ከቤት ገበያ ብቻ የሚመላለስ መኪና። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተር ውሃ ከጎደለ ግን ቶሎ አሳየው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ማርሚታውን ሳስወልቅ በዚያው ካታሊስቱንም (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጽጃ) ላስወጣው?

መልስ፦ ተው። የድምፅ ነገር አይደለም፣ መርዙን የሚቀንሰው እሱ ነው። ብታወጣው የሞተር መብራት ዳሽቦርድህ ላይ በርቶ ሊቀር ይችላል። ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች አሉ። «ልጣልልህ» የሚልህ በያጅ ካለ፣ ወዴት እንደሚጥለው ጠይቀው።