ዳሽካም (መኪና ውስጥ ተሰቅሎ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ)፣ ሕጉና አጠቃቀሙ፦ የአዳማ አሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳላስፈቅድ ብቀርጽ እከሰሳለሁ?

መዘዙ የሚመጣው በአብዛኛው ከማሰራጨቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ፈቃድ አይጠየቅም ይላል። ስለዚህ የግጭቱን ቪዲዮ ለትራፊክ ፖሊስ አሳይ። ቲክቶክ ላይ ግን፣ እባክህ፣ አትልቀቀው። የተጎዳው ልጅ እናት ማንም ሳይነግራት ስልኳ ላይ ልታየው ትችላለች።

ጥያቄ፦ ታክሲ ነው የምሠራው፤ የመኪናውን ውስጥም የሚቀርጽ ካሜራ ገዝቻለሁ። ምን ላድርግ?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለራስና ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚውለውን ቀረጻ አይነካም፤ ተሳፋሪ መጫን ግን ሥራ ስለሆነ አዋጁ ይመለከትሃል። «ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በሩ ላይ ለጥፍ። ማይኩን ዝጋው፤ የተሳፋሪ ወሬ ለግጭት ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስጋጭ ቪዲዮው አልተገኘም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጂ-ሴንሰሩ (ንዝረትና ግጭት የሚለየው ክፍል) ነው። ካሜራው በ3 ደቂቃ በ3 ደቂቃ እየቆረጠ ይቀዳል፤ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። በ1080 ጥራት ደቂቃው 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ 64 ጊጋ ካርድ 10 ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ሴንሰሩ «ሃይ» ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዷን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግጭት ብሎ ፋይሉን ይቆልፋል። የተቆለፈ አይጠፋም፤ ካርዱን ሞልቶ ለአዲሱ ቦታ ያሳጣል። «ሎው» ላይ አድርገው፣ ካርዱንም በወር አንዴ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርግ። ከተጋጨህ የመቆለፊያውን ቁልፍ ተጫን፣ ካሜራውን አጥፋና ካርዱን አውጣ። ኮፒውን ስጥ፤ ዋናውን ሳትቆርጥ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልሙላው?

አይሙሉት፤ ዩቲሲ+3 (በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ሰዓት) ላይ ይተዉት። ጂፒኤስ ያለው ራሱ ስለሚያስተካክል ይምታታብዎታል። ቃል ሲሰጡ ግን «ቪዲዮው ላይ 14፡20 የሚለው ከቀኑ 8፡20 ነው» ብለው ያስመዝግቡ፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ይህ ሳይነገር ቀርቶ ቪዲዮው የሌላ ሰዓት ነው ተብሎ እንዳይጣል።

ጥያቄ፦ ካሜራው በአዳማ ፀሐይ ይበላሻል?

ባትሪ ያለው በሙቀት ሊያብጥ ይችላል። በባትሪ ፈንታ ካፓሲተር (ሙቀትን የተሻለ የሚችል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ያለውን ግዙ። ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ፣ ዋይፐሩ በሚጠርገው በኩል ይሰቀል፤ ገመዱ በኤርባጉ ፊት አይለፍ።