«አባቴ ለፓርኪንሰን መድኃኒት ሙከራ ተጠርተዋል፤ ምን እናዘጋጅ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። አባትሽ ሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ላይ እንዳሉ፣ ማጣሪያውም (ለሙከራው መብቃታቸው የሚታይበት ምርመራ) ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሆነ ጽፈሻል። ፕላሴቦ (መድኃኒት መሳይ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ) ሊደርሳቸው እንደሚችል፣ በፈለጉበት ቀን መውጣትም መብታቸው እንደሆነ እዚያው ይነገራችኋል። እኔ ሰው ለፍቶ ደርሶ የሚመለስበትን ነገር ልንገርሽ።

1. የመድኃኒቱ መጠን አይነካ። ብዙ ሙከራዎች ከማጣሪያው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት ያልተለወጠ መጠን ይጠይቃሉ። «ለምርመራው ነቃ ይበሉ» ተብሎ ግማሽ ክኒን ከተጨመረ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እስኪሞላ ምዝገባው ሊዘጋ ይችላል። መጠኑ በመጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ። ሕመሙ ጠንቶ ሐኪማቸው ይቀየር ካለ ግን ይቀየር፤ ለሙከራ ተብሎ መሰቃየት የለም።

2. ያለ መድኃኒት የሚመረመሩበት ጠዋት (ሕመሙ መድኃኒት ሳይሸፍነው እንዲታይ)። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ሌቮዶፓ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ 12 ሰዓት መሙላት አለበት። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ፕራሚፔክሶል ወይም ሮፒኒሮል (ሌሎች የፓርኪንሰን መድኃኒቶች) ካለ ከዚያም ቀድሞ ሊቆም ስለሚችል የእያንዳንዱን ሰዓት በጽሑፍ ተቀበሉ። በራሳችሁ ግምት ቀናት አስቀድማችሁ ግን አታቋርጡ፤ ሌቮዶፓ ድንገት ሲቆም ከፍተኛ ትኩሳትና ለሕይወት የሚያሰጋ መገተር ሊያመጣ ይችላል።

ያን ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ ቀርቶ አልጋ ላይ መገላበጥም ሊያቅታቸው ይችላል። ቁልፍ የሌለው ልብስ፣ እስከ በር የሚያደርስ መኪና፣ ደጋፊ ሰው አዘጋጂ። የጠዋቱ ክኒን ኪስሽ ይሁን፤ መርማሪው ጨርሻለሁ ሲል ወዲያው ይዋጡት። እኔን የሚያናድደኝ፣ ሰው ደርቆ ተቀምጦ እያለ ገጽ ሙሉ መጠይቅ የሚያስሞሉት ናቸው። «መጀመሪያ ምርመራው፣ ወረቀቱ ክኒኑ ከሠራ በኋላ» በያቸው፤ አትፈሪ።

3. የሰዓት መዝገቡ። ቀኑ በግማሽ ግማሽ ሰዓት 48 ሳጥን ይሆናል፦ ተኝተዋል፣ መድኃኒቱ ለቋቸዋል (ኃይሉ አልቆ ሕመሙ ተመልሷል)፣ ይዟቸዋል (እየሠራ ነው) እየተባለ ይሞላል። ማታ ተቀምጦ ከትዝታ መሙላት ሥራውን ከንቱ ያደርጋል፤ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ደወል ሙዪ። ከሁሉ የሚከፋው ስህተት መንቀጥቀጥንና መወዛወዝን ማምታታት ነው። እጅ አርፎ ሳለ በምት የሚመላለሰው መንቀጥቀጥ ነው፤ መድኃኒቱ ሲበረታ ሰውነት እንደ ጭፈራ ሲጠማዘዝ ደግሞ መወዛወዝ። ከተምታታ መድኃኒቱ የለቀቃቸው ሰዓት እንደያዛቸው ይመዘገባል።

ማቅለሽለሽ ቢመጣ ሜቶክሎፕራሚድ እንዳይሰጣቸው፤ ዶፓሚንን (በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የአንጎል ኬሚካል) ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። በሙከራ ላይ መሆናቸውን የሚገልጸው ካርድ ሁሌ ኪሳቸው ይኑር።

«ይድናሉ» አትበያቸው። ኤክሴናታይድ የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ለፓርኪንሰን ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በአነስተኛ ሙከራ ተስፋ አሳይቶ ነበር፤ 194 ሰዎች ለ96 ሳምንት የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2025 ሲወጣ ግን ከፕላሴቦ አልተለየም።

ከመፈረማቸው በፊት (ፈራሚው እሳቸው ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም) ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥላል? የጉዞውን ማን ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስ ሕክምናው በማን ነው? ቅጹን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ «እዚሁ ይፈርሙ» የሚል ካለ ቀጠሮ አስቀይሩ።