ፀሐይዋ ጭጋግ ለበሰችብኝ ላለው አንባቢ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንባቢያችን ያገለገለ የሃይድሮጅን አልፋ የፀሐይ ቴሌስኮፕ (ፀሐይን በሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳይ) ገዛ፤ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያይበት ፀሐይ ደብዛዛ ናት፤ ወተት የተቀባች ትመስላለች። ዙሪያዋን ቀላ ያለ ወጋገን ከቧታል። ከጠርዟ መውጣት የነበረባቸው ነበልባሎች የሉም። ማስተካከያውን ቀለበት ቢያዞር ቢያዞር ለውጥ የለም። የቀድሞው ባለቤት «ከፍቼ አጽድቼዋለሁ» ብሎታል። አንድ ወዳጁ ደግሞ «ክርኑ (ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚያጥፈው ክፍል) ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፊልተር አውጣት፣ ይበራልሃል» ሲል መክሮታል።

ወንድሜ፣ ያችን ፊልተር አውጥተህ በፍጹም ዓይንህን እንዳታስጠጋ። የዓይን ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም። ሲቃጠል አትሰማውም። የምታውቀው በኋላ፣ መሀል ዓይንህ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ቀለም የሚመርጠውን ክፍል፣ ኤታሎኑን፣ አልጠረጥርም። ኤታሎን ከሃይድሮጅኑ ቀለም ሲወጣ ፀሐይ ትበራለች፣ ጠርዟም ይጠራል፤ ገጿ ላይ ግን ምንም አይታይም፣ ልሙጥ ብርቱካን ነው። ያንተዋ ደብዛዛም ናት፣ ጭጋጋምም ናት፣ ወጋገንም አላት። ሦስቱ ሲገጣጠሙ እጄ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማገጃው ፊልተር ነው። ወዳጅህ አውጣት ያለህ ያችኑ ነው።

ለምን እንዳስፈለገች ልንገርህ፤ ይህን ነገር ማውራት እወዳለሁ። ኤታሎን ማለት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት እጅግ ልሙጥ መስታወቶች ናቸው። ሐሳቡ የሁለት ፈረንሳውያን ነው፤ የቻርልስ ፋብሪ እና የአልፍሬድ ፔሮ። በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር እንበል። ብርሃን እዚያ ውስጥ ገብቶ ወዲያና ወዲህ ይነጥራል። ደርሶ መልሱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ሞገዱ ሳይቆረጥ ልክ የሚገባ ቀለም እርስ በርሱ ተደጋግፎ ያልፋል። ልክ የማይገባው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የምንፈልገው የሃይድሮጅን ቀይ 656.28 ናኖ ሜትር ነው፤ ከ600 በላይ ሞገዶቹ እዚያ ይሰለፋሉ። ችግሩ ምን መሰለህ? ከእሱ 1 ናኖ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ያለው ቀለምም አንድ ሞገድ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ልክ ይገባል። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ስለዚህ ኤታሎን የሚያሳልፈው አንድ ቀለም ሳይሆን ሚዶ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ከ0.1 ናኖ ሜትር ይቀጥናል፤ ጥርሶቹ ግን ብዙ ናቸው። ብርሃኑን የሚያነጥረው የመስታወቶቹ ሽፋን የማይሠራበት ክልል ላይ ሲደረስማ፣ ኤታሎን ተራ መስታወት ነው፤ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ሳይቀር ያሳልፋል። ከሚዶው አንዷን ጥርስ መርጣ ሌላውን የምታግደው ያቺ ትንሽ ፊልተር ናት። እሷን አውጥተህ ማየት ማለት በሚዶው ሁሉ ማየት ማለት ነው።

በፊልተሯ ውስጥ ስስ የብር ንጣፎች አሉ። እርጥበት ከጠርዟ ሾልኮ ሲገባ ብሩ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ብርሃን ትቀንሳለች፣ የምታሳልፈውንም ትበትነዋለች። ነበልባሎቹ አልጠፉም፤ በተበተነው ብርሃን ተውጠው ነው።

ለማረጋገጥ ክርኑን ንቀልና ወደ ክፍል ግባ። በፀሐይ አትሞክር። የእጅ ባትሪ በሰያፍ አብራባት። በፀሐይ በኩል ያለው ፊቷ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ደህና ናት። ከጠርዝ ወደ መሀል የሚሄድ ግራጫ ደመና ወይም ዝገት መሳይ ነጠብጣብ ካየህ፣ አለቀላት። አልኮል ይዘህ አትልፋ፤ ጉዳቱ ውስጧ ነው። «አጽድቼዋለሁ» የሚሉኝ ሰዎች የሚያመጡልኝ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ጭጋጉም አለ፣ በላዩ ላይ ጭረት ተጨምሮበታል። በፒንሳ የተፈታ ቀለበትማ ስንቱን አይቻለሁ!

መለወጡ ከባድ አይደለም። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ያዥውን ቀለበት ሁለት ጫፍ ባለው መፍቻ ፍታ። የፊልተሯን ስፋትና ውፍረት ለካ። የሚያንጸባርቀው ፊት ወደየት እንደሚያይ ጻፍ፤ አዲሷም እንደዚያው ትገባለች። በጓንት፣ ጠርዟን ብቻ ያዝ። ስትገዛ የሙቀት ጨረሩን ክልል ጨምሮ ምን ያህል ብርሃን እንደምታሳልፍ የሚያሳይ ግራፍ ጠይቅ። ግራፍ የሌላትን ርካሽ ቀይ መስታወት ለጌጥ ተዋት። አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ላይ የሚጠመዱትን ጥቁር «የፀሐይ ፊልተሮች»ማ ስማቸውንም አታንሳብኝ። ሙቀቱ በተሰበሰበበት ቦታ ተቀምጠው ይሰነጠቃሉ፤ ያኔ ዓይንህ እዚያው ነው።

ስትገጥም ያወጣኸውን ቁጠር። አራት ነገር ወጥቶ ሦስት ከተመለሰ፣ አቁም። ከዚያ ፈላጊውን ትንሽ ቴሌስኮፕ ንቀለው ወይም ክደነው፣ በቱቦው ጥላ እየተመራህ ወደ ፀሐይ አዙር። መጀመሪያ ከአይፒሱ ጀርባ ነጭ ወረቀት ያዝ፤ ዓይንህን አይደለም። ወረቀቱ ላይ ደማቅ ክብ ከወደቀ አንድ ፊልተር ጎድሏል ማለት ነው። ብርሃኑ ለመታየት እስኪያስቸግር ደካማ መሆን አለበት። ወረቀት ግን የሙቀት ጨረርን አያሳይም፤ ቁጠር ያልኩህ ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ጭጋጉ ካልለቀቀ፣ ባትሪውን ወደ ፊተኛው ሌንስ አዙረው። እዚያም ላይ ያለው ሽፋን ይበላሻል። ከሆነ፣ በልኩ የተገኘ ተራ ሌንስ እንዳትተካበት። ሙቀቱን ደጅ ላይ የሚያስቀረው ያ ሽፋን ነው።