«ጊፍት»፦ ስጦታ፣ መርዝ ወይስ ጋብቻ?

እህቴ፣ በእንግሊዝኛ «ስጦታ» የሆነው «ጊፍት» ፊደሉ ሳይለወጥ ጀርመን ውስጥ መርዝ፣ ስዊድን ፎርም ላይ ደግሞ ያገባ ሰው እንዴት ሊሆን ቻለ ብለሽ ጠይቀሻል። አጋጣሚ አይደለም፤ ሥሩ አንድ ነው፤ «መስጠት»።

ጋብቻው ለእኛ አይከብድም። እኛም «ልጃቸውን ሰጡት» እንላለን። ጀርመንኛም «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል፣ ሙሽራይቱ ከቤተሰቧ ይዛ በምትመጣው ሀብት፣ የጥንቱን ትርጉም እስከ ዛሬ አቆይቷል።

መርዙ የመጣው በሕክምና በኩል ነው። ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት ልክ «ዶሲስ» ይሉት ነበር፤ «መስጠት» ማለት ነው። ጀርመኖች ይህን በራሳቸው «ጊፍት» ተረጎሙት። ቃሉ ቀስ በቀስ ገዳዩን መጠን በለዘብታ መጥሪያ ሆነና የስጦታውን ትርጉም ገፍቶ አስወጣው። እኛ የማያድነውን ነገር «የአይጥ መድኃኒት» እንለው የለ? ጀርመኖች «ራተንጊፍት» ይሉታል። ስዊድኖች መርዝ የሚለውን ትርጉም ከጀርመን ወሰዱ፤ የጋብቻውንም ስላልጣሉ ሁለቱም አብረው ቀሩ።

ስዊድንኛ ላይ አነባበቡ «ይፍት» ነው፤ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። ስለ ሰው ከተነገረ ያገባ ነው፤ ፊቱ «ኤት» («አንድ» ማለት ነው) ካለ አብዛኛውን ጊዜ መርዝ ነው። ብዙ ቁጥሩም ይለያል፦ ያገቡ «ይፍታ»፣ መርዞች «ይፍተር»። ፎርም ላይ ላላገባ ሰው የሚመረጠው «ኡይፍት» ነው። ሆላንድ ውስጥ «ኺፍት» ልገሳ ነው፤ የግብር ማስታወቂያ ላይ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ በዚህ ስም ይሞላል። መርዙ ያለ «ት» «ኺፍ» ነው፤ አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው።

ስህተቱ የሚበዛው የስልክ መተርጎሚያ ላይ አንድ ቃል ብቻ አስገብቶ ቋንቋውን ራሱ እንዲገምት ሲተው ነው፤ እንግሊዝኛ ይመስለውና «ስጦታ» ይላል። ቋንቋውን ራስሽ ምረጪ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን አስገቢ። ስጦታ ከፈለግሽ ጀርመን ላይ «ጌሼንክ»፣ ስዊድን ላይ «ፕረሰንት» በይ።

የጽዳት ዕቃና የተባይ ማጥፊያ ሲሆን ግን በቃሉ አትመኚ። ቀይ ጠርዝ ባለው ነጭ ምልክት ውስጥ የራስ ቅል ካለ መርዝ ነው፤ ምልክቱ በመላው የአውሮፓ ኅብረት አንድ ነው። ሰው ከዋጠው 112 ደውሊ፣ ጀርመን ከሆንሽ «ፈርጊፍቱንግ»፣ ስዊድን ከሆንሽ «ፈርይፍትኒንግ» በይ፤ መመረዝ ማለት ነው። ስሙን እንድታነቢላቸው ዕቃውን ከእጅሽ አትለዪው።